ጎረቤታችን ናቸው

«‹ከጡረታ በኋላ በቤታቸው ሲያርፉ ቆይተው› ብለሽ ጻፊ» አለ ጋሼ ሞቱማ።

ዱርሲቱ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። «አላረፉማ!»

«ጻፊ ብያለሁ።»

«ጋሼ፣ አኮ መቼ ነው ያረፉት? አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለው ፀሐይ ሲሞቁ አይቼ አላውቅም።»

ነገ የአያቷ አርባ ነው። ዱርሲቱ አያቷን በቤታቸው ወግ በኦሮምኛ «አኮ» ነበር የምትላቸው። ለሰፈሩ ወይዘሮ ተረፈች ናቸው፤ በመሥሪያ ቤታቸው ደግሞ «ተረፈች ችግኝ» ይባሉ ነበር። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሲሞቱ ግን ማን እንደነበሩ የሚናገርላቸው አልተገኘም። በዚያ ሳምንት የጅማ መንገድ በድንጋይ ተዘግቶ ነበር። የተጂ ዘመዶቻቸው መምጣት አልቻሉም፤ ከሰበታ አንዱ ሰፈር ወደ ሌላው መሻገር ራሱ ያስፈራ ነበር። ቀብሩ በጥድፊያ ሆነ። በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ሳይነበብ፣ ሰው አፈር አልብሶ ግራ ቀኙን እያየ ወደ ቤቱ ገባ። ስለዚህ «ቢያንስ ለአርባው ይነበብላቸው» ተባለ። አማርኛዋ ጥሩ ነው፣ ጽሕፈቷም ያምራል ተብሎ ዱርሲቱ ጸሐፊም አንባቢም ሆነች።

አጎቷ ጋሼ ሞቱማ የአኮ የመጀመሪያ ልጅ ነው። ወፍጮ ቤት አለው፤ በግርግሩ ሰሞን መስኮቱ በድንጋይ ስለተሰበረበት ከዚያ ወዲህ ጮክ ብሎ ማውራት እንኳ ትቷል።

«ስለ ዛፎቹስ?» አለች ዱርሲቱ። «ወንዙ ዳር ስለቆጠሯቸው?»

ጋሼ ሞቱማ ክፍት በሩን ዞር ብሎ አየ። «ዛፍ የሚባል ነገር እንዳታነሺ። ቁጥር የለ፣ ቀለም የለ። ሰዉ ገና አልበረደም፤ እሳት አትቆስቁሺብን። ሰው ነገ ‹ያቺ መሬት ለኪዋ ናት ለካ› ብሎ ከድንኳኑ ቢነሣ ደስ ይልሻል?»

እናቷ ሙሉነሽ ከጓዳ ብቅ አለች። ሽንኩርት ስትከትፍ ስለዋለች ዓይኗ ቀልቷል። «ተዪው ልጄ፣ እንዳለሽ ጻፊ» አለች።

ዱርሲቱ እንዳላት ጻፈች። ለሚያያት ሰው የተናደደች ትመስል ነበር። እውነቱ ግን፣ ጋሼ «ዛፍ እንዳታነሺ» ሲላት ውስጧ እፎይ ብሏል። ለራሷ ይቅር ማለት ያቃታት ይህንን ነው።

አኮን ለማወቅ ቦርሳቸውን ማየት ይበቃ ነበር። ሌሎች ሴቶች መስታወትና ማበጠሪያ በሚይዙበት ቦታ እሳቸው ጉጠት ይይዛሉ። ሰበታ ውስጥ «የሚከራይ ቤት አለ» የሚል ወረቀት ዛፍ ላይ በሚስማር የሚመታ ደላላ መዓት ነው። ሚስማሩን የሚነቅሉት ግን አኮ ብቻ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ መኪና መንገድ ዳር ይቆሙና «እስቲ አንተን ግንባርህ ላይ ቢመቱብህ!» እያሉ ወረቀቱን ይቆጡታል፤ ደላላው ራሱ እዚያው ቆሞ እያያቸው። ዱርሲቱ ትንሽ ሳለች ይህን የመሰለ ጨዋታ አልነበረም። የተነቀለውን ሚስማር የምትሰበስበው እሷ ነበረች። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ግን ነገሩ ሼም ሆነባት። ጉጠቱ ከቦርሳ ሲወጣ ቀስ ብላ ኋላ ትቀራለች፤ አኮም ያዩዋታል፤ ሚስማሩን ራሳቸው ይለቅሙታል።

በመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። አፈር ፕላስቲክ ውስጥ በመሙላት ጀምረው የጣቢያው ኃላፊ ሆነው ነው ጡረታ የወጡት። «በሦስት መንግሥት አገልግያለሁ» ይሉ ነበር። «ሦስቱም ‹ችግኝ ትከሉ› አሉኝ፤ ሦስቱም ውሃ ማጠጫ ግን አልሰጡኝም።» አንድ ጊዜ አዲስ የመጣ አለቃ ጊቢው ውስጥ ያለውን ዝግባ አስቆርጦ መኪና ማቆሚያ ሊያሠራ አስቦ ነበር አሉ። አኮ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ሦስት ቀን ከዛፉ ሥር ተቀመጡ። ፋይል የሚያስፈርም ሰው እዚያው ድረስ እየመጣ ያስፈርማቸዋል። በአራተኛው ቀን አለቃው «በሉ ይግቡ፣ እኔ መኪናዬን ፀሐይ ላይ አቆማለሁ» አለ። ይህን ሲያወሩ እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር።

ነገ ይህ አንዱም አይነበብም። «በሙያቸው ትጉ፣ በጠባያቸው ምስጉን» ይባልና ይታለፋል።

ባለፈው ክረምት ነው አኮ የወንዙን ዳር አሮጌ ዛፎች ልቁጠር ብለው የተነሡት። ፋብሪካውም ቤቱም ወደ ወንዙ እየቀረበ ሲመጣ ዛፎቹ አንድ በአንድ ይጠፉ ነበር። አኮ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ሲጠይቁ «እዚያ ዛፍ ነበረ እንዴ?» ይሏቸዋል።

«ነበረ ወይ ይሉኛል!» አሉ አንድ ቀን በንዴት ጫማቸውን እያወለቁ። «ቆይ ግዴለም። በስም፣ በቁጥር መዝገብ ውስጥ አስገብቼ ጠረጴዛቸው ላይ ባላስቀምጥ ተረፈች አይደለሁም።»

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ሁለቱ ወንዝ ይወርዳሉ። አኮ የግንዱን ውፍረት በሜትር ይለኩና ስሙን በሁለቱም ቋንቋ ይናገራሉ። «ወይራ፣ ኤጀርሳ። ዝግባ፣ ቢርቢርሳ።» ዱርሲቱ መዝገቡ ላይ ትጽፋለች። ከዚያ ግንዱ ላይ ቁጥር ይቀባል።

አኮ የፈለጉት ነጭ ቀለም ነበር። ቤት ውስጥ ግን የውጭ በሩ ከተቀባበት የተረፈ ቀይ አለ። «ቀዩ ይሻላል አኮ፣ ከሩቅ ይታያል» ያለችው ዱርሲቱ ናት። የሰበታ ልጅ ሆና! የሚፈርስ ቤት፣ የሚነሣ አጥር፣ መንገድ የሚያልፍበት ጊቢ፣ ሁሉም የሚታወቀው በቀይ ቀለም መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ግን በዚያ እሑድ ለሁለቱም ትዝ አላላቸውም። የሚቀቡት ዛፍ ነዋ። መስከረም እስኪጠባ አንድ መቶ አራት ዛፍ ቆጠሩ።

ከዚያ ኅዳር መጣ፤ የማስተር ፕላኑ ነገርም መጣ። አዲስ አበባ ሰፍታ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ልትጠቀልል ነው፣ ገበሬው ከመሬቱ ሊነሣ ነው ተባለ። ትምህርት ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ተማሪው ተሰልፎ ይወጣል፤ ጎማ ይቃጠላል፤ ከሩቅ ተኩስ ይሰማል። በማግሥቱ አንድ ወንበር ባዶ ከሆነ ሁሉም ወደዚያ ወንበር እያየ ይውላል።

የክፍላቸው አለቃ ኢፋ ክፉ ልጅ አልነበረም። ሒሳብ ያልገባውን ሁሉ በእረፍት ሰዓት የሚያስረዳው እሱ ነው። አባቱ ከወንዙ ማዶ ገበሬ ነበሩ፤ ማሳቸው ላይ ፋብሪካ ከቆመ በኋላ የዚያው ፋብሪካ ዘበኛ ሆነዋል። ኢፋ ስለ መሬት ሲናገር ድምፁ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ዱርሲቱም ታዝንለት ነበር። ደግሞ፣ ለምን ይደበቃል፣ ጎበዝ ናት እንዲላት ትፈልግ ነበር።

ታኅሣሥ እንደገባ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት በጊዜ ተለቀቁና ብዙ ሆነው በወንዙ አቋራጭ ሄዱ። ዱርሲቱ ከጓደኛዋ ከሩታ ጋር ከኋላ ነበረች። ሩታ ወላጆቿ ከደቡብ ለፋብሪካ ሥራ የመጡ ናቸው፤ አኮን ከቤታቸው ልጆች እኩል ታውቃቸዋለች። ድንገት ፊት ያሉት ቆሙ።

«ይኸው!» አለ ኢፋ። አንድ የወይራ ግንድ ላይ በቀይ «37» ተጽፏል። «አያችሁ? ለክተው ጨርሰዋል። ከዚህ እስከዚያ ድረስ ቁጥር ነው። እኛ እዚያ ስንጮህ እነሱ እዚህ እየለኩ ነበር!»

«ማን ነው የጻፈው?» አለ አንዱ።

«አንዲት ሴትዮ ሜትር ይዘው ሲዞሩ ታይተዋል። የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ አሉ።»

ሩታ የዱርሲቱን ክንድ ነካች። «ንገሪያቸው እንጂ» አለች በሹክሹክታ። ዱርሲቱ ግንዱን አየች። የ«7»ቱን ጭራ የጠመዘዘችው ራሷ ናት።

ማዶ ቤት ያላቸው ልጆች ሮጠው መጥረቢያ አመጡ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፤ ምልክቱ ከጠፋ መሬቱን ለይተው አያገኙትም። ቁጥሩን በመፋቅ ፈንታ ግን የግንዱን ልጥ ዙሪያውን መላጥ ጀመሩ። የመጥረቢያው ድምፅ ሰፈር ድረስ ተሰማ፤ አኮም ሰሙ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ቁልቁል ሲወርዱ ዱርሲቱ አየቻቸው። «ምነው ዛሬ ቤት ባልነበሩ» አለች በልቧ።

«አካም ጅርቱ ልጆቼ?» አሉ አኮ እያለከለኩ። «እባካችሁ ቁጥሩን ፋቁት፣ ግዴለም። ልጡን ግን ዙሪያውን አትላጡት። ይሞታል።»

«እርስዎ ነዎት የጻፉት?» አለ ኢፋ።

«እኔ ነኝ።»

«ማን ላከዎት?»

«ማንም አልላከኝም። እንዳይቆረጡ ብዬ ነው የቆጠርኳቸው።»

ሳቅ ሆነ። «የሚቆጠር ነገር እኮ የሚወሰድ ነው!» አለ መጥረቢያ የያዘው ልጅ። ሌላው «ውሸታም!» ብሎ ጮኸ። አኮ ከአንዱ ወደ ሌላው እያዩ አሁንም ሊያስረዱ ይሞክራሉ፤ የሚሰማቸው ግን የለም። ስለ መዝገቡ፣ ስለ ማዘጋጃ ቤቱ የሚመሰክርላቸው አንድ ሰው ነበር የሚያስፈልጋቸው።

ኢፋ ወደ ዱርሲቱ ዞረ። «ሰፈራችሁ ናቸው አይደል? ታውቂያቸዋለሽ?»

ሁሉም አዩዋት። አኮም አዩዋት። ዱርሲቱ ያን ቅጽበት ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳሰበችው እግዚአብሔር ይወቀው። «አያቴ ናቸው» ማለት ሁለት ቃል ነው።

«ጎረቤታችን ናቸው» አለች። «ብዙም አላውቃቸውም።»

አኮ ዓይናቸውን አንድ ጊዜ ከድነው ገለጡ። ከዚያ ፈጠን ብለው፣ እሷን ከጉድ ለማውጣት በሚመስል ድምፅ፣ «አዎ፣ ጎረቤት ነኝ» አሉ። «እናቷ ‹ቶሎ ትምጣልኝ› ብላ ልካኝ ነው። ነይ ልጄ፣ እንሂድ።»

ዳገቱን ሲወጡ አኮ ፊት ዱርሲቱ ኋላ ነበሩ። መጥረቢያው አላቋረጠም። ያን ቀን ዐሥራ ሦስት ዛፍ ተላጠ።

ማታ እራት ላይ ይቆጡኛል ብላ ስትጠብቅ አኮ ጎርሰው ሲያበቁ ፈገግ አሉ። «ቀዩ ከሩቅ ይታያል ብለሽኝ ነበር» አሉ። «እውነትሽን ነው፤ ታየ።» ከዚያ በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። ዱርሲቱም ሳቀች። ምን ዓይነት ልጅ ናት፣ «ይቅርታ» በማለት ፈንታ የሳቀችው!

ከማግሥቱ ጀምሮ አኮ በታኅሣሥ ብርድ ማለዳ እየተነሡ፣ ጭቃና እበት በባልዲ አቡክተው ወንዝ ይወርዱ ጀመር። የተላጠውን ግንድ በጭቃ ለስነው በጆንያ ያስሩታል። ችግኝ ጣቢያ ሳሉ ከብት የላጠውን ዛፍ እንዲህ ያድኑ ነበር።

«ነይ እስቲ ባልዲ ያዢልኝ፣ ወገቤን ያዘኝ» አሏት አንድ ቀን።

ዱርሲቱ ከእሳቸው ጋር ወንዙ ዳር መታየትን ፈራች። «ፈተና አለብኝ አኮ» አለች። ትምህርት ቤት ከተዘጋ አምስተኛ ቀኑ ነበር።

አኮ አዩዋት። «እንግዲያማ አጥኚ» አሉና ባልዲውን ብቻቸውን አንሥተው ወጡ።

በሳምንቱ ሳል ጀመራቸው፤ ከዚያ ትኩሳት፤ ከዚያ ደረታቸውን ያዛቸው። ሳንባ ምች ነው ተባለ። መንገድ ዝግ ስለነበር አዲስ አበባ ለመውሰድ ሁለት ቀን መኪና ጠፋ። ዱርሲቱ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት ልትነግራቸው ክፍላቸው ገብታ ነበር። «አኮ፣ ያን ቀን…» ብላ ጀመረች። ተኝተው ነበር። ልቀስቅሳቸው አልቀስቅሳቸው ስትል ቆየችና፣ ነቅተው ሲያዩዋት እንዳታፍር ፈርታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። እንደዚያው አለፉ። የገደላቸው ያ ብርድ ይሁን ዕድሜያቸው ማንም አያውቅም፤ ማንም ዱርሲቱን የወቀሳት የለም። ወቃሽ ቢኖር ምናልባት ይቀላት ነበር።

ጥር ውስጥ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዱርሲቱ ጥቁር ለብሳ ስትገባ የክፍሉ ልጆች አያቷ መሞታቸውን ሰሙ። የትኛዋ አያት እንደሆኑ ግን ከሩታ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ጋሼ ሞቱማ ወረቀቱን አስጨርሷት ሲወጣ ኢፋና ሩታ በሩ ላይ ደረሱ።

«ነፍስ ይማር፣ ዱሬ» አለ ኢፋ አንገቱን ደፍቶ። «ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር አልቀበርንም፤ በጣም ሼም ነው። ነገ ክፍሉ በሙሉ ይመጣል። ወንዶቹ ወንበርና ውሃ እናመላልሳለን፤ እናንተ ምንም እንዳታስቡ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«አያትሽን አለማወቄ ቆጨኝ እኮ። ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«ጥሩ ሰው ነበሩ» አለች ዱርሲቱ።

ኢፋ ሊወጣ ሲል ትዝ አለውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኚያ ጎረቤታችሁ፣ ቀለም የሚቀቡት ሴትዮ… ነገ ይመጣሉ እንዴ? ባይመጡ ይሻላል። ልጆቹ ካዩአቸው ሊረብሹ ይችላሉ፤ በለቅሶ ቤት ደግሞ አቦ ደስ አይልም።»

ሩታ መሬት መሬት ታይ ነበር።

«አይመጡም» አለች ዱርሲቱ።

እሱ እንደሄደ ቀጥ ብላ ሳሎን ገባች። እናቷ ለድንኳኑ ያዘጋጀችው የአኮ ፎቶ መደርደሪያው ላይ ነው። ዐምና የተነሡት፣ ያው ነጠላ፣ ያው መነጽር። ነገ ኢፋ ድንኳኑ ውስጥ እግሩን እንዳስገባ ያውቃቸዋል። ዱርሲቱ ፎቶውን አንሥታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና ከአልበሙ የድሮ ፎቷቸውን አወጣች። ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። አፍሯቸው ግዙፍ ነው፤ አጭር ቀሚስ ለብሰው ይስቃሉ። ይህንን የወንዙ ዳር ሴትዮ ናት የሚል የለም።

«እማዬ፣ ይሄኛው አይሻልም?»

ሙሉነሽ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ፎቶውን ተቀበለች። «ውይ እናቴን! ይሄ የት ነበር? እንዴት ታምራለች!» ፎቶውን ሳመችው፤ ቀጥላም ዱርሲቱን ሳመቻት። «አንቺ ባትኖሪ ማን ያስታውስልኝ ነበር?»

ዱርሲቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር።

እናቷ ወደ ጓዳ ስትመለስ ሩታ ወደ መሳቢያው በዓይኗ ጠቆመች። «ለምን እንደቀየርሽው ገብቶኛል።»

«ዝም በይ ባክሽ።»

«ዝም ብዬ አይደል የኖርኩት? እኔም ያን ቀን አፌን ይዣለሁ። ማታ ማታ ትዝ ሲሉኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። እኔ ግን ባዕድ ነኝ፤ አንቺ የልጅ ልጃቸው ነሽ።»

«አሁን ብናገር ምን ይጠቅማቸዋል? ሞተዋል እኮ!»

ሩታ ሽንኩርት መክተፊያውን አንሥታ ዱርሲቱን ትታት ገባች።

በማግሥቱ ድንኳኑ ሞላ። ቄሶቹ ጸሎት አድርሰው፣ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ፣ ሐዘኑ ወደ ጨዋታ መለስ ብሏል። የክፍሏ ልጆች ቃላቸውን ጠብቀው መጥተዋል። ኢፋ እጅጌውን ሰብስቦ ከወንበር ወንበር ውሃ እያደለ፣ በመሐል ፎቶው ፊት ቆም አለ።

«ቆንጆ ነበሩ» አላት ስታልፍ። የሚያውቃቸው አልመሰለውም። አለቀ፤ ከእንግዲህ ዱርሲቱ ካልተናገረች በስተቀር ማንም በዚህ ምድር ላይ ሁለቱን ሴቶች አያገናኛቸውም። ወረቀቱን አንብባ ትቀመጣለች፤ ነገ ትምህርት አለ፤ ሕይወት ይቀጥላል። አኮ ግን በእነዚህ ሁሉ ልጆች ልብ ውስጥ መሬት ለክተው የሸጡ ሴትዮ ሆነው ይቀራሉ።

ጋሼ ሞቱማ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ የእናታችንን የሕይወት ታሪክ ታነብልናለች» አለ። ዱርሲቱ ወረቀቷን ይዛ ቆመች።

«ወይዘሮ ተረፈች ከአባታቸው…»

«ቆይ፣ ቆይ!» አሉ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሽማግሌ በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ እያደረጉ። ኦቦ ጎበና ናቸው፣ የአኮ የአጎት ልጅ፤ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ገና ዛሬ ጠዋት ከተጂ መጥተዋል። «ይቺ ልጅ ማናት? እኛ አገር ስለ ሟች የሚናገር ሰው መጀመሪያ ማን እንደሆነ ይናገራል።»

«የሙሉነሽ ልጅ…» ሊል ጀመረ ጋሼ ሞቱማ።

«አንተን አልጠየቅኩም። እሷ አፍ የላትም? አንቺ ልጅ፣ ለተረፈች ምኗ ነሽ?»

የጠየቁት ቀላል ነገር ነው፤ ሕፃን የሚመልሰው።

«የልጅ ልጃቸው ነኝ» አለች ዱርሲቱ። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። ወረቀቱን አየችው፤ ከዚህ በኋላ የሚረዳት አንድም መስመር የለበትም። ቀና ስትል ኢፋ ጆጉን እንደያዘ ያያታል።

«ኢፋ» አለች። «ያን ቀን ወንዙ ዳር መጥተው ‹ልጡን አትላጡት› ያሏችሁ አኮ ናቸው። እኚሁ ናቸው፣ ፎቶው ላይ ያሉት። ዛፎቹን የቆጠሩት እንዳይቆረጡ ነው፤ ማንም አልላካቸውም። መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀዩን ቀለም የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጎረቤታችን ናቸው ያልኩህ ዋሽቼ ነው።»

እናቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሼ ሞቱማ ከወንበሩ ግማሽ ተነሥቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ከክፍሏ ልጆች አንዱ «ምን?» ሲል ሌላው በክርኑ ጎሰመው። ኢፋ ፎቶውን አየ፤ እሷን አየ፤ እንደገና ፎቶውን አየ። ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠው።

ኦቦ ጎበና እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዙሪያቸውን ቃኙ። «ምን አለች? ሁላችሁም ምን ሆናችሁ? አልሰማሁም እኮ! ጮክ በይ እንጂ ልጄ።»

ጋሼ ሞቱማ ፈጠን ብሎ ጎንበስ አለላቸው። «የልጅ ልጇ ነኝ ነው ያለችው፣ አባባ» አላቸው። ወደ ዱርሲቱም ዞሮ በዓይኑ «በቃ፣ አንብቢ» አላት።

እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር።

ዱርሲቱ ወረቀቱን አጥፋ ለሩታ ሰጠቻት። ወደ ሽማግሌው ሁለት እርምጃ ቀረብ አለችና፣ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ጮክ ብላ ደገመችው።